የተከለና የተከለከለች

ማታ በሦስት ሰዓት፣ እጄን ደጋግሜ ታጥቤ፣
ነጭ ፎጣ አንጥፌ፣ ከመስተዋቱ ቀርቤ፣
ሁለት ክብ ነገሮች፣ ምስር የሚያካክሉ፣
እንደ ጥፍር ደርቀው እንደ ውሃ የጠለሉ፣
ከኮቶኔ ዓይን ላይ አስቀምጣለሁ፤
«አትጨፍኚ እስቲ!» እያልኩ እቆጣለሁ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክንዷን ብትዘረጋ፣
ከጣቶቿ ወዲያ ዓለም የጉም አልጋ።
ስትተኛ ሌንሶቹ ሥራ ይገባሉ፤
ብሌኗን ከላይ ቀስ አርገው ይጫናሉ፤
ሸክላ ሠሪ ሌሊት እርጥብ ጭቃ አግኝቶ
እንደሚደለድል፣ መብራቱን አጥፍቶ።
ሲነጋ አወጣቸዋለሁ። እሷም ቀኑን ሙሉ
በባዶ ዓይኗ ታያለች፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦው
ቁራዎች ስንት እንዳሉ።

ለዚህ ነው እኔ፣ የሱፐርማርኬት ሒሳብ ተቀባይ፣
የሁለት ወር ደሞዜን ዓይኔን ሳላሽ የከፈልኩት።

ከዚያ የካቲት መጣ።
እዚህ ሃኖ ከተማ፣ የቶኪዮ ባቡር
ሜዳውን ጨርሶ በሚቆምበት ሥር፣
ሱጊ የሚሉት ጥድ ተራራውን ሞልቶ፣
ነፋስ ሲነካካው ቢጫ ጭስ አውጥቶ፣
በተሰጣ ልብስ ላይ፣ በመኪና ጣራ፣
ዱቄቱን ይነዛል፣ እንግዳም ሳይጠራ።

የኮቶኔ ዓይን ቀላ። ቆቡ አበጠ።
ሌንሱ ጠዋት ሲወጣ በንፍጥ ተለበጠ።
ሐኪም ኩሪባያሺ ቆቧን ገልብጦ አይቶ፣
ወደኔ ዞረና፣ ወንበሩን ስቦ፣ ድምፁን አለስልሶ፣
«ሌንሱ ይቁም» አለኝ። «ጠብታ ጠዋት ማታ።
ዓይኗን እንዳታሽ። እስከ ግንቦት፣ ላፍታ።»

ላፍታ!
ሦስት ወር ለሐኪም አፍታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልጎደለ።
በሦስተኛው ሽቦው ጠፍቶ፣ ቁራው አየር ላይ ዋለ።
በአምስተኛው ቁራው የቀለም ጠብታ ሆነ።
በሳምንቱ ድምፅ ብቻ፦ ካ! ካ!
ጭቃው የጥንት ቅርጹን አልረሳም ለካ።

ከመሳቢያ ወጣ የአምናው መነጽር፣
እጀታው በፕላስተር የታሰረ ነበር።

ጌንሳኩ አያቴ፣ ዘጠና ሁለት ዓመቱ፣
በሚሞቀው ጠረጴዛ ሥር እግሩን እንደዘረጋ፣
ልጅቱን ሲያይ ቆየና፣
«ከጦርነቱ ማግስት ተራራው መላጣ ነበር።
በችግኝ ነበር ክፍያው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።
ያን ከድልድዩ በላይ ያለውን ዳገት
የተከልኩት እኔ ነኝ» አለ።

እሱ በተከለ፣ እሷ ተከለከለች።
ይህ ግን ከአፌ አልወጣም።

ሽማግሌው ተነሥቶ፣ ጉልበቱን እያመመው፣
ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ወገቡን አጎንብሶ፣
«ይቅር በይኝ» አላት። «ቤት የሚሠራበት
ዛፍ መስሎኝ ነበረ።»
«ስንት ተከልክ?» አለችው።
«ችግኙን ማን ቆጥሮ? የቆጠርኩት ሳንቲሙን።»

ኮቶኔ አሰበች። መነጽሯን አወለቀች።
በቀላው ዓይኗ ወደ ዳገቱ ዞረች።
«አሁን አንድም ዛፍ የለም። አረንጓዴ ብቻ ነው።
አየህ? ሁሉንም ነቀልኩልህ።»

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ
አነጠሰው፣ ስድስት ጊዜ፤
ለካ እሱንም ያሠቃየው ነበር፣ ሲደብቀን ኖሮ።

ግንቦት። ዝናቡ ጣራውን አጠበ፣
ምስሮቹም ከተኙበት ውሃ ወጡ።
በአራተኛው ጠዋት፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች
መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣ ጣቷን እየቀሰረች፦
«ሁለት መቶ ሁለት፣ ሁለት መቶ ሦስት...»
«ረፈደብሽ!» ብዬ እጇን ጎተትኩ።
«አያቴ! ይሄ እስከ ድልድዩ ብቻ ነው!»
እያለች ወረደች ደረጃውን።

ማታ ከሥራ ስመለስ
በቀን መቁጠሪያው ጀርባ፣ በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣
ሁለት መቶ ሦስት ተጽፏል፤
ከሥሩም ለነገ ባዶ መስመር ተሰምሯል።